የመጀመሪያዋ እንቁላል ዋጋ

በሠላሳ አንደኛው ፎቅ፣ ከሳንቲያጎ ጭስ በላይ፣
መዳብ ወጣ ስል፣ ወረደ ስል፣ ቁጥር ቀልቶ ጠቁሮ ሳይ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ
ጥላዬን አፈር ላይ ሳላይ።

የልደቴን አበባ የምታዝልኝ ጸሐፊዬ ናት፣
ከኔው በጀት ቆርጣ፣ ደረሰኝ አያይዛበት።

አንድ ማክሰኞ፣ ከሰሜኑ በረሃ፣ ከማዕድኑ ጉድጓድ፣
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስም መጣ፣ ተቀንሶ ሊሄድ።
ብዕሬ አልተንቀጠቀጠም። ፈረምሁ።
ማታ ግን እጄን ስታጠብ፣ ስታጠብ አመሸሁ፤
ሳሙናው አለቀ፤ ሌላ ከፈትሁ።

ጽድቅ ነው አትበሉት፤ ደከመኝ እንጂ አልጸደቅሁም፤
በሩን የከፈትሁት ለመውጣት ነው፤ መግቢያውን አላወቅሁም።
ባልደረቦቼ «አበደች» ሲሉ፣ ኦክታቪዮ ብቻ ዝም አለ፤
ሊፍቱ ውስጥ፣ መስታወቱ ፊት፣
ክራቫቱን አላላ፣ መልሶ አጠበቀ፣
«ትርፍ ክፍል ካለሽ…» ብሎ ጀመረና
ፎቁ ደረሰ፤ ቃሉ አለቀ።

ቺሎዌ ዝናብ ባለርስት፣ ሰው ጭሰኛ የሆነባት ደሴት ናት።
ቤት ገዛሁ፣ ሳንቃዋ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበባት፣
ንፋስ ሲነካት የምታስል፣
አንዱን በር ስዘጋ ሌላው የሚከፈትባት።

ስድስት ዶሮ፤ ለቆጡ ሚስማር፤ ለአጥሩ ሽቦ፤ በቆሎ በኩንታል፤
አንዷን ቀበሮ በላት፤ የሷም ከኪሳራው ይገባል።
በአራተኛው ወር፣ ከጭዱ መሐል፣ አንዲት እንቁላል!
ልማድ አይለቅምና ደመርሁ፣ አካፈልሁ፤ ውጤቱን ሳየው፣
ዋጋዋ የትልቅ ሆቴል አዳር ነው፣ መስኮቱ ባሕር የሚያየው።
ቀቀልኋት። ቆሜ በላኋት፣
ያለ ጨው፤ ጨው መግዛት ዘንግቼ ነበር።

ድንቼን ዋግ መታው። ቅጠሉ በአንድ ሌሊት ከሰለ።
ዶኛ ፊሎሜና ከአጥሩ ማዶ አየችኝ፤ ሳቋን በሻሿ ከለለች፤
«የባሕር ሣር አልብሻት» አለች፣ «ምድርም እንደኛ ይርባታል፤
ወስዶ የማይመልስ እጅ ያስኮርፋታል።»
ከዘሯ ቆንጥራ ሰጠችኝ፣ ቆዳው ጥቁር፣ ውስጡ ወይን ጠጅ።
አጎንብሼ ተከልሁት። ጉልበቴ እስካሁን ይቆጣል።

አሁንም ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እጄ ትራሱን ይዳብሳል፣ ስልክ ፍለጋ፤
የባንክ ሂሳቤም አለ፣ ለክፉ ቀን ብዬ፣ ሳልዘጋ።

በሁለተኛው ክረምት አፈሩ ከቤቴ ሥር ሸሸ፤
ድስቴ ከምድጃው ተንሸራተተ፤ እሱን ስይዝ ቀኑ መሸ።
ዶን ኤላዲዮ በዝናቡ ቆሞ፣ ባርኔጣውን እየጨመቀ፣
«ጎትተን ወደ ላይ እናወጣታለን» አለ።
«በስንት?» አልሁት።
ሰምቶኝ ይሆናል፤ ግን ሣቀ።

ቅዳሜ ደቦ ተጠራ። አሥራ ሁለት በሬ፣ ግንድ፣ ሰንሰለት፣ ጩኸት፤
ቤቴ ከነመጋረጃዋ ዳገት ወጣች፣
ቀስ እያለች፣ እያረፈች፣ እንደ ነፍሰ ጡር ሴት።
ከገመዱ ጫፍ የማላውቀው ሰው ነበር፣ ሳል የሚያጣድፈው፤
«ከሰሜን ነኝ» አለኝ ሲያርፍ። «መዳብ ነበር እንጀራዬ።
ቀነሱኝ። ይሁን፤ ያለፈውን ማን ሊያተርፈው።»
በየትኛው ዓመት? ከየትኛው ኩባንያ? አልጠየቅሁም።
እኔም ሙሉ ስሜን አልነገርሁም።

ማታ ድንቹን ቀቅዬ አወጣሁ፣ የመጀመሪያዬን ምርት።
«ስንት ልክፈል?» ስል ዶኛ ፊሎሜና ማንኪያዋን ሰነዘረችብኝ፣ እንደ በትር፤
«ተራችን ሲደርስ፣ ትከሻሽን።»
ሰውየው አንዱን ድንች ለሁለት ገመሰው፤
እንፋሎቱ ፊቱን ጋረደው።
መዳፌን አየሁት። አፈር ነበረበት።
ሳልታጠብ ተቀመጥሁ፣ ከፊት ለፊቱ።

«ጨው አለሽ?» አለኝ።

ነበረኝ።